ሳይደርቅ በእርጥቡ፦ የአርብቶ አደሩ የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ ለምን ከከብቱ ሞት በኋላ ይደርሳል?

ጠዋት በማለዳ ወደ ሐርጌሳ የእንስሳት ገበያ ጎራ ያለ ሰው አንድ የሚገርም ነገር ያያል። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ግን ዋጋ ሲጠሩ አይሰማም። እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው ይጨባበጣሉ። ዋጋው በጣት ይጠየቃል፣ በጣት ይቀነሳል፣ በጣት ያልቃል። ደላላው መሐል ገብቶ የአንዱን እጅ ይለቅና የሌላውን ይይዛል። ዙሪያውን ከቦ የሚያየው ሕዝብ ስንት እንደተባለ አያውቅም። ነገሩ ሲያልቅ ስልክ ከኪስ ይወጣና ሒሳቡ ብዙ ጊዜ እዚያው በሞባይል ይከፈላል።

የአገሩ ሰው «ሰይላዳ» የሚለውን ይህን ገበያ ማየት ሬዲዮ ከመስማት ይበልጣል። ዝናብ ጥሩ የሆነ ዓመት ሻጩ ኮራ ይላል፤ ዋጋው ካልጣመው በጎቹን ነድቶ ይመለሳል። ድርቅ ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ገበያው በከሳ እንስሳ ይሞላል፣ ገዢው ይጠፋል፣ በጨርቁ ስር ያለችው ጣትም ታጥራለች። ሻጩ ነድቶ አይመለስም፤ የሚመለስበት ሣር የለማ!

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ዛሬ ልናነሳው የፈለግነው ይህንኑ ነው። አርብቶ አደሩ መንጋው ሲያልቅበት መንግሥት ይከፍለዋል ወይ? የሚከፈልበት አገር አለ፤ የማይከፈልበትም አለ። የሚከፈልበትስ ቢሆን ገንዘቡ የሚደርሰው መቼ ነው? ነገሩ ሐርጌሳን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ። በበርበራ ወደብ ተጭኖ ወደ ዓረብ አገር ከሚሄደው እንስሳ ብዙው ከእኛው አገር፣ ከሶማሌ ክልል፣ በጅግጅጋ፣ በሐርትሼክና በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚመጣ ነው። ከመካከላችንም ያደግነው በከብት ኋላ የሆንን፣ ቤተሰባችን ዛሬም በከብት የሚኖር ጥቂቶች አይደለንም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምህረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአንድ ዘመን ሁለት ዓይነት ባለ ከብት

በ2001 በእንግሊዝ አገር የአፍና እግር በሽታ (የአፍተግር) ተነሳ። በሽታውን ለማቆም ሲባል ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት እንዲገደሉ ተደረገ። የሚያቃጥሉት የከብት ክምር በቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን አስደንግጧል። ይሁን እንጂ ከብቱ ለተገደለበት ገበሬ መንግሥት ካሳ ከፍሏል። የካሳው ድምር ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር።

በዚያው ጊዜ እዚህ ምን ነበር? በመስከረም 2000 ገደማ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው በሽታ በሳዑዲ ዓረቢያ በጂዛን አካባቢና በየመን ሰዎችን ገደለ። ሳዑዲ ዓረቢያም ከአፍሪካ ቀንድ እንስሳ አይገባም ብላ በሯን ዘጋች። ከዚያ በፊት በ1998ም በተመሳሳይ ምክንያት ዘግታ በ1999 ከፍታ ነበር። የሁለተኛው እገዳ ግን እስከ 2009 ድረስ ቆየ። ዘጠኝ ዓመት! በ1997 ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ በግና ፍየል የጫነችው በርበራ ጭር አለች። ከዚህ በሬ፣ ከዚያ በግ አምጥቶ ለሐጅ ሰሞን ያደለበው ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ቀረ።

በእንግሊዝ ያለው ገበሬ ከብቱ ተገድሎ ዋጋው ተከፈለው። የሐርጌሳና የቡርኦ አርብቶ አደር ግን ከብቱ በሕይወት እያለ ዋጋ አጣ፤ ካሳ የሚከፍለውም አልነበረም። ልዩነቱ የመጣው የአንዱ መንግሥት ደግ የሌላው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ነገሩን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ካዝናውና መንጋው አብረው ሲደርቁ

ሶማሊላንድ በግንቦት 1991 ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ ለረጅም ዓመታት ዓለም አቀፍ እውቅና ሳታገኝ ኖራለች። እውቅና ማጣት ማለት ደግሞ ባንዲራ ብቻ አይደለም። ከዓለም ባንክ በራስ ስም ብድር አይገኝም። ድርቅ ሲመጣ አንድ እውቅና ያለው መንግሥት የሚያንኳኳቸው በሮች ለዚህኛው አይከፈቱም። የዓለም ባንክ ራሱ በ2014 ባወጣው ግምት የአገሪቱ ዓመታዊ ምርት በ2012 ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር፣ ለአንድ ሰው ሲካፈል 347 ዶላር ነበር። ከዚህም ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ከእንስሳት የሚገኝ ነው።

የመንግሥቱ ገቢ ደግሞ በአብዛኛው የሚሰበሰበው ከበርበራ ወደብ ቀረጥ ነው። እንስሳ ሲወጣ ቀረጥ አለ፤ በእንስሳው ዶላር ሩዝ፣ ስኳርና ጨርቅ ሲገባም ቀረጥ አለ። ስለዚህ እንስሳው ሲያልቅ ወይም ገበያው ሲዘጋ የሚደርቀው የአርብቶ አደሩ ጓዳ ብቻ አይደለም። የመንግሥቱም ካዝና አብሮ ይደርቃል። ገንዘብ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ካዝናው ባዶ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። በ2000ው እገዳ ጊዜ የሆነውም ይኸው ነው።

የድርቁ ነገርማ ስም እየወጣለት የሚቆጠር ሆኗል። በ1974 እና 75 የነበረውን ሶማሊዎች «ደባዴር» ይሉታል፤ ጅራተ ረጅም እንደማለት ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው የዚያድ ባሬ መንግሥት ለአርብቶ አደሩ ገንዘብ አልሰጠም፤ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ በሶቪየት አውሮፕላኖችና በመኪና ጭኖ ወደ ደቡብ ወስዶ እረሱ፣ ዓሣ አጥምዱ አላቸው። በ2016 እና 17 የመጣው ደግሞ «ሲማ» ተባለ፤ ሁሉንም እኩል የመታ ለማለት። በዚያ ድርቅ የተነሳ በመጋቢት 2017 ሊደረግ የነበረው የፕሬዚዳንት ምርጫ ወደ ኅዳር ተላልፏል። በግንቦት 2018 «ሳጋር» የሚባል አውሎ ነፋስ በአውደል ጠረፍ ገብቶ ከድርቅ የተረፈውን እንስሳ በጎርፍ ወሰደ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሌ ምድር በዚያ ድርቅ ያለቀው እንስሳ በተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ13 ሚሊዮን በላይ ነው። በዚያው መሐል፣ በ2022 ሚያዝያ 1 ሌሊት፣ የሐርጌሳ ትልቁ ገበያ ዋሔን በእሳት ወደመ። ለድርቁ ሊወጣ ይችል የነበረው የነጋዴና የዲያስፖራ ገንዘብም ወደ ነጋዴዎቹ መቋቋሚያ ዞረ። ሰው ምን ያድርግ? አንድ ኪስ፣ ሁለት ቃጠሎ።

ስሙ የተጻፈ ይከፈለዋል

አሁን ደግሞ ወደሚከፈልበት አገር እንሂድ። በአሜሪካ በ2021 በምዕራቡ በኩል ከባድ ድርቅና የሰደድ እሳት ነበር። ምክር ቤቱ ለከብት አርቢዎች 750 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በ2022 የፀደይ ወራት ክፍያው ሲጀመር አርቢው አዲስ ማመልከቻ እንኳን እንዲጽፍ አልተጠየቀም። ለምን ቢባል መሥሪያ ቤቱ ስሙን፣ የከብቱን ብዛትና የግጦሹን ቦታ ቀድሞ ያውቀዋል። አርቢው ቀደም ሲል ለግጦሽ ድጎማ ብሎ ያመለከተበት ወረቀት እዚያው ነበር። በዚያው ወረቀት ሒሳብ ተሠርቶ ገንዘቡ ተላከ።

የግጦሽ ድጎማው ራሱ የሚሠራው በየሳምንቱ በሚወጣ የድርቅ ካርታ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ አንድ ወረዳ በካርታው ላይ ለስምንት ተከታታይ ሳምንት «ከባድ ድርቅ» የሚል ቀለም ከተቀባ ክፍያ ይከተላል። ድርቁ ከዚያ ከባሰ ደግሞ ስምንት ሳምንትም አይጠበቅም። ከብት ሞቷል አልሞተም ተብሎ ሬሳ አይቆጠርም። ለሞተው ሌላ ክፍያ አለው፤ የገበያውን ዋጋ 75 በመቶ ይከፍላል።

«አሜሪካ ናታ! ምን ይሳናታል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሀብቱ ሌላ ነው። ግን ቁም ነገሩ ሀብቱ ብቻ አይደለም፤ ዝርዝሩ ነው። ለዚህ ማስረጃ እዚሁ ጎረቤት ኬንያን ማየት ይበቃል። በቱርካና፣ በማርሳቢት፣ በማንዴራና በዋጂር የኬንያ መንግሥት ከረጂዎች ጋር ሆኖ ቤተሰቦችን ቀድሞ መዘገበ፤ የባንክ ሒሳብ አስከፈተ። ወደ 100,000 ለሚሆኑት ድሆች በየሁለት ወሩ ይከፍላል። ድርቁ ሲጠና ደግሞ በዝርዝሩ ላይ ላሉት ለሌሎቹም ለጊዜው ይጨምራል። የሚጠናውን ድርቅ የሚናገረው ባለሥልጣን አይደለም፤ የሣሩን አረንጓዴነት ከሰማይ የሚለካ ሳተላይት ነው። መንግሥቱ የኬንያ ነው፣ አገሩ በረሃ ነው፣ ሕዝቡም ዘላን ነው። ቢሆንም ስሙ ስለተጻፈ ይከፈለዋል።

በእኛም አገር በ2005 የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት መነሻው ይኸው ነበር። በየዓመቱ አደጋ ደረሰ ብሎ ከመለመን፣ በየዓመቱ የሚቸገረውን ሕዝብ አስቀድሞ መዝግቦ ገንዘብ ወይም እህል በወሩ መስጠት። ሐሳቡ መልካም ነበር። በአርብቶ አደሩ አካባቢ ግን አንድ ያልታሰበ ነገር ገጠመው። ለአንድ ቤተሰብ የተሰጠው እህል እቤት ሳይገባ ለጎሳው ይከፋፈላል! ለድሃ ድሃው ብቻ ተብሎ የተለካው እህል ለሁሉም ጭብጥ ጭብጥ ይሆናል። የዕርዳታ ሠራተኞች ይህን እንደ ጥፋት ጽፈውታል። አርብቶ አደሩ ግን የሚያውቀው ኢንሹራንስ እሱ ነው። ዛሬ ያልሰጠ ነገ አይሰጠውም።

ቦረናዎች «ቡሳ ጎኖፋ» የሚሉት ሥርዓት ከዚህ የተለየ አይደለም። ከብቱ ያለቀበት ሰው ወደ ጎሳው ይሄዳል፤ ጎሳው ተሰብስቦ ከብት አዋጥቶ መልሶ ያቆመዋል። የኦሮሚያ ክልል በ2021 የአደጋ መሥሪያ ቤቱን በዚሁ ስም ማቋቋሙም ያለ ምክንያት አይደለም። በሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ ዘካ አለ። አርባ በግ ያለው አንድ በግ፣ አምስት ግመል ያለው አንድ በግ ለተቸገረ ይሰጣል። ችግሩ ግን ድርቁ ሰፊ ሲሆን ነው። ሰጪውም ተቀባዩም አንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ሲገናኙ ቡሳ ጎኖፋም ዘካም አቅም ያጥራቸዋል። ያኔ ነው ከሩቅ የሚመጣ የመንግሥት ገንዘብ የሚያስፈልገው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ገንዘቡ ተገኘ እንበል። መቼ ይድረስ? ለደመወዝተኛ ሁለት ወር መዘግየት ዕዳ ያመጣል እንጂ አይገድልም። በከብት ጉዳይ ግን ሁለት ወር ማለት የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዝናቡ ይቀራል። ቢርካው ይደርቃል፤ ውሃ በቦቴ መግዛት ይጀመራል። ከዚያ ወተቱ ይቀንሳል፤ ልጆች የሚያውቁት ያኔ ነው። ከዚያ ከብቱ ይከሳና ዋጋው ይወድቃል፣ በተመሳሳይ ጊዜ የሩዝና የዱቄት ዋጋ ይወጣል። አንድ ፍየል ሸጦ የወር እህል ይገዛ የነበረ ሰው ሁለት፣ ሦስት ፍየል መሸጥ አለበት። በመጨረሻ ከብቱ መሄድ ያቅተዋል። መሄድ ያልቻለ ከብት ገበያ አይደርስም፤ ስለዚህ ዋጋው ዜሮ ነው። ካሜራው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የዕርዳታ ጥሪው የሚሰማው፣ ኮሚቴው የሚቋቋመው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ ደግሞ ከዚህም በኋላ ነው የሚደርሰው።

ከዚያ የባሰም አለ። አርብቶ አደር የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው ከድርቅ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ራሱ ይገድላል። ከስቶ አጥንቱ የወጣ እንስሳ ያን ብርድ አይችለውም። በአንድ ሌሊት ዶፍ የተረፈው ያልቃል። ከተማ ያለው ሰው ግን ዝናቡን አይቶ «ተመስገን፣ ድርቁ አለፈ» ይላል፤ ዕርዳታውም ያቆማል።

አንድ መልካም ምሳሌ እናንሳ። በ2005 እና 2006 ድርቅ ጊዜ በሞያሌ አካባቢ አንድ ነገር ተሞከረ። ከብቱ ገና በእግሩ እየሄደ ሳለ ነጋዴዎች መጥተው እንዲገዙ ተደረገ። ሁለት ነጋዴዎች ትንሽ ብድር ተሰጣቸው፤ የቀረውን በራሳቸው ገንዘብ ሠሩ። ወደ 20,000 የሚሆን ከብት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ገዙ። ከ5,000 በላይ ቤተሰቦች ገንዘብ አገኙ፤ ለአንዱ ቤተሰብ በአማካይ 184 ዶላር ደረሰው። ሰዉ በገንዘቡ ምን አደረገ? እህል ገዛ። ግን እህል ብቻ አይደለም፤ ለቀሩት ከብቶች መኖና መድኃኒት ገዛ፣ በመኪና ጭኖ ሣር ወዳለበት ወሰዳቸው። ጥቂቱን ሸጦ ብዙውን አተረፈ ማለት ነው። የዕርዳታ ድርጅቱ ካወጣው ጋር ሲነጻጸር የመጣው ጥቅም እጥፍ ድርብ ነበር። ኢትዮጵያ በ2008 ለአርብቶ አደር አካባቢዎች ባወጣችው የእንስሳት ዕርዳታ መመሪያ ውስጥም ይህ ዘዴ ገባ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት አባቶቻችን ሞያሌን ሳያዩ ነው የተናገሩት።

የእንስሳቱም ዓይነት ይለያያል። በግና ፍየል ቶሎ ይወልዳሉ፤ ጥሩ ዝናብ ካገኙ በሁለት፣ ሦስት ዓመት መንጋ ይሆናሉ። ግመል ግን 13 ወር ያህል አርግዛ አንድ ትወልዳለች፤ እንደገና እስክትወልድ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። የግመል መንጋ ያለቀበት ሰው መልሶ ለማቆም አሥር ዓመትም ላይበቃው ይችላል። ስለዚህ አንዲትን እርጉዝ ግመል ለሁለት ወር በመኖ ማቆየት፣ በኋላ ለቤተሰቡ ለዓመታት እህል ከመስጠት ይረክሳል።

በሣር ቀለም የሚከፈል ኢንሹራንስ

በዚህ ላይ ሌላ የመጣ ዘዴ አለ፤ እሱም የእንስሳት ኢንሹራንስ ነው። በጥር 2010 በኬንያ ማርሳቢት፣ በ2012 ደግሞ በእኛ አገር በቦረና ተጀመረ። ኢንሹራንስ ሲባል ሠራተኛ መጥቶ የሞተ ከብት ይቆጥራል ማለት አይደለም። በዚህ ሰፊ በረሃ ማን ይቆጥረዋል? ሳተላይቱ የሣሩን አረንጓዴነት ከቀደሙት ዓመታት ጋር ያስተያያል። ሣሩ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ በዚያ አካባቢ ለተመዘገበ ሁሉ ይከፈላል።

መጀመሪያ ላይ ክፍያው የታሰበው የሞተውን እንዲተካ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ስህተቱን አዩትና ጊዜውን ወደ ፊት አመጡት፤ ከብቱ ከመሞቱ በፊት መኖና ውሃ እንዲገዛበት። የኬንያ መንግሥት በ2015 በጀመረው ፕሮግራም ለተመረጡ ድሃ አርብቶ አደሮች መዋጮውን ራሱ እየከፈለ እያንዳንዱን ቤተሰብ ለአምስት ከብት ወይም ለሃምሳ ፍየል ያህል ዋስትና ገባለት። በየካቲት 2017 ድርቁ ሲጠና ከ12,000 በላይ ቤተሰቦች ተከፍሏቸዋል። በሶማሌ ክልላችንም የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2018 ተመሳሳይ ነገር ጀምሯል።

ይህ ሁሉ ሲባል ኢንሹራንሱ እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። ሳተላይቱ አረንጓዴ ካየ ሣር ይሁን እሾሃም ቁጥቋጦ አይለይም፤ ከብት የማይበላው አረም ሜዳውን ሸፍኖ «ሣር አለ» ሊል ይችላል። ከዚያ ከብቱ እየሞተ ክፍያ የለም ይባላል። ሰው አንድ ጊዜ እንዲህ ከገጠመው ሁለተኛ አይከፍልም። መዋጮውም ለድሃ ከባድ ነው፤ መንግሥት ወይም ረጂ ካልደገፈው በቀላሉ አይቆምም።

ስልኩ አለ፣ ዝርዝሩ የለም

ወደ ሐርጌሳ እንመለስ። የሚገርመው ነገር ገንዘብ በመላክ በኩል ይህች ከተማ ብዙ አገሮችን ትቀድማለች። የቴሌሶም «ዛድ» የተጀመረው በ2009 ነው። ዛሬ ሻይ የሚሸጥ፣ ጫት የሚሸጥ፣ ውሃ በአህያ የሚያመላልስ ሁሉ በስልኩ ይቀበላል። ገጠር ያለ እረኛም ግመሉን እያጠጣ ዶላር ይቀበላል። መንገድ ዳር የሽልንግ ክምር ይዘው የሚቀመጡት መንዛሪዎችም ከዛድ ጋር ተስማምተው ይሠራሉ። ከውጭ በኩል ደግሞ ሐዋላው አለ፤ በ1970 የተመሠረተው ዳሃብሺል አንዱ ነው። ስለዚህ አንድ መንግሥት ወይም ድርጅት ለአሥር ሺህ አርብቶ አደር ገንዘብ ልላክ ቢል ከባድ መኪናም፣ መጋዘንም፣ ዘበኛም አያስፈልገውም። የዕርዳታ ድርጅቶች በድርቁ ዓመታት በዚሁ መንገድ ሲልኩ ቆይተዋል።

መንገዱ ተሠርቷል፤ የጎደለው በመንገዱ የሚሄደው ነው። ማን የት ምን ያህል ከብት እንዳለው የሚናገር፣ ድርቅ ከመምጣቱ በፊት የተዘጋጀ ዝርዝር የለም። ስለዚህ ድርቅ በመጣ ቁጥር ምዝገባው እንደ አዲስ ይጀመራል። አንዱ ድርጅት ይመዘግባል፣ ሌላውም ይመዘግባል፤ አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ ከሩቅ ያለው አንድ ጊዜም አይጻፍም። ምዝገባ ሲደረግ ደግሞ የሚገኘው ማን ነው? ከብቱ አልቆበት መንገድ ዳር የሰፈረው ነው። ገና ከብቱ ያልሞተበት ሣር ፍለጋ ሩቅ ሄዷል፤ በስም መዝጋቢው ፊት አይቀርብም። ዕርዳታው ሳይታሰብ ከብቱ የሞተበትን ይጠብቃል፣ ሊተርፍ የሚችለውን ያልፈዋል። በሐርጌሳ ዳር ዳር ያሉትን የተፈናቃይ ሰፈሮች አይተን ከሆነ ብዙው ነዋሪ ትናንት ባለ መንጋ የነበረ ነው። የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ከደረሰም በኋላ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ለባለ ሱቁ ዕዳ ነው። በድርቁ ወራት ሩዝና ዱቄት በዱቤ የሰጠው እሱ ነበራ! እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው የአስቸኳይ ጊዜ ተቋም የሰፈሩ ሱቅ ነው።

የእኛስ ድርሻ?

እኛ ይህን የምንጽፈው ለሚኒስትር አይደለም፤ ለዚህ ካምፕ ሰው ነው። እንግዲህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

አንደኛ፣ ከመካከላችን ብዙዎች ራሳችን ለቤተሰብ ላኪዎች ነን። ሌሊት ስልክ ይጮሃል። «ከብቱ ከስቷል፣ መኖ ተወዷል» ይሉናል። ብዙ ጊዜ የምንለው «ትንሽ ታገሱ፣ ወሩ ሲያልቅ» ነው። ሁለት ወር ቆይተን፣ ከብቱ ካለቀ በኋላ፣ ተበድረንም ቢሆን የእህል መግዣ እንልካለን። ያቺው ገንዘብ፣ ግማሿም ብትሆን፣ ቀድማ ብትደርስ ሁለት ላም ወይም አንዲት ግመል ታቆም ነበር። መንግሥትን የምንወቅስበት መዘግየት በእኛም ቤት አለ። ካለን ቀድመን እንላክ። ከሌለን ደግሞ ቢያንስ ምክር እንላክ፦ ገና መሄድ ሳይሳነው ጥቂቱን ሽጡ፤ እርጉዝና የምትታለብ ከሆነች አትንኩ፤ ለእነሱ መኖ ግዙ። ይህን ስንል አዛውንቶቹን ለማስተማር አይደለም። እነሱ ከእኛ በላይ ያውቃሉ፤ የሚያጡት እውቀት ሳይሆን በሰዓቱ የምትደርስ ዶላር ነው።

ሁለተኛ፣ ዝርዝር ነገር ነው። የትኛውም ገንዘብ፣ የመንግሥትም ይሁን የድርጅት፣ የሚሄደው ወደ ስም እና ወደ ስልክ ቁጥር ነው። የሲም ካርዳችሁ በራሳችሁ ስም ይሁን። በጓደኛ ስም በወጣ ሲም የመጣ ገንዘብ ጠብ ያመጣል። ስማችሁ በወረቀቱ ላይ እንዴት እንደተጻፈ እዩ፤ አንድ ፊደል ስትለያይ ሰው ከዝርዝር የወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ። «ላስመዘግባችሁ፣ ትንሽ ክፈሉ» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ይለፋችሁ፤ ዕርዳታ ለመቀበል አስቀድሞ የሚከፈል ነገር የለም።

ሦስተኛ፣ ስንጠይቅ ትክክለኛውን እንጠይቅ። በስብሰባ ላይ ዕድል ሲሰጠን «ዕርዳታ ይጨመር» እንላለን። ይጨመር! ግን ከመጠኑ ይልቅ ሰዓቱን እንጠይቅ። ምዝገባው ከድርቁ በፊት ይሁን። ክፍያው የሚጀመርበት ምልክት አስቀድሞ ይታወቅ፤ ዝናቡ በዚህ ቀን ካልመጣ፣ ሣሩ ከዚህ በታች ከወረደ ተብሎ። ስብሰባና ኮሚቴ እስኪጠራ ድረስ ከብት አይጠብቅም። ዝናብ ሲመጣም ክፍያው በዚያው ቀን አይቁም፤ ከሲታው መንጋ እስኪያገግም ይቆይ።

ከሐርጌሳ ብዙም ሳይርቅ ሐርትሼክ አለ። በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትፈርስ ሕዝቧ ወደ ኢትዮጵያ ሸሽቶ የሰፈረበት፣ በዘመኑ በዓለም ትልቅ ከሚባሉት የስደተኛ ካምፖች አንዱ የነበረ ነው። በ2004 ሰዉ ወደ አገሩ ተመልሶ ተዘጋ። ካምፕ እንደሚዘጋ የሐርጌሳ ሰው ይመሰክራል። ዛሬ በዚያ ቦታ ግመልና በግ ይሸጣል፤ በዚያ ያለፈው እንስሳ በቶጎ ውጫሌ አድርጎ ወደ ሰይላዳ፣ ከዚያም ወደ በርበራ ይወርዳል። አገር ለአገር፣ ሰው ለሰው የተሳሰረው በዚህ መንጋ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ከብት ሲሞት የእኛ አይደለም ማለት አይቻልም።

ነገ ጠዋት በገበያው በኩል ካለፋችሁ ወደ እንስሳቱ አጥንት እዩ፤ ሻጩ ሲመለስ ወይም ሳይመለስ እዩ። አጥንቱ መታየት ሲጀምር ሰዓቱ ያኔ ነው። ለቤት ስልክ የሚደወለውም፣ ገንዘብ የሚላከውም፣ «አሁን ክፈሉ» ተብሎ የሚጮኸውም ያኔ ነው። ጅቡ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ ከመሆን ያድነን።